480 ወር፣ አንድ ሉፕ፦ የዝናብ ዳታው ከእጅ ሥራ እንዴት ወጣ

ይህ የአንድ የውሃ ጥናት ቡድን ጉዳይ ነው። ቡድኑ የሚያጠናው ትልቅ የወንዝ ተፋሰስ በ34 ንዑስ ተፋሰሶች ተከፍሏል። የሚፈለገው ነገር በአንድ ትንፋሽ ይነገራል፦ በእያንዳንዱ ንዑስ ተፋሰስ፣ በእያንዳንዱ ወር፣ በአማካይ ስንት ሚሊ ሜትር ዘነበ? መልሱ በሠንጠረዥ ይቀመጥና ወደ ፍሰት ሞዴሉ ይገባል። በቃ፣ ይኸው ነው።

ችግሩ የወራቱ ብዛት ነው። የተመረጠው ዳታ ቺርፕስ ቅጂ 2.0 ነበር። ይህን ዳታ የሚያዘጋጀው በሳንታ ባርባራ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ያለው የአየር ንብረት አደጋዎች ማዕከል ነው፤ የአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት ተቋምም አብሮ ሠርቶበታል። የሳተላይት መረጃን ከመሬት የመለኪያ ጣቢያዎች ንባብ ጋር ያዋህዳል። እ.ኤ.አ. ከ1981 ይጀምራል፣ በነጻ ይወርዳል፣ ለአንድ ወር አንድ ራስተር ይሰጣል፣ ማለትም በትናንሽ አራት ማዕዘኖች (ሴሎች) ተከፍሎ በየሴሉ አንድ የዝናብ ቁጥር የያዘ ካርታ። ቡድኑ ከ1981 እስከ 2020 ያለውን ወሰደ። 40 ዓመት በ12 ወር፣ 480 ፋይል።

ሥራው የተጀመረው በእጅ ነበር። የካርታ ሶፍትዌሩ ኪውጂአይኤስ ይከፈታል። የታመቀው ፋይል ይፈታል፤ ራስተሩ ይጫናል፤ ፕሮጀክሽኑ (ቦታ በካርታ ላይ የሚለካበት ሥርዓት) ከዲግሪ ወደ ሜትር ይቀየራል፤ በተፋሰሱ ድንበር ይቆረጣል፤ ዞናል ስታቲስቲክስ፣ ማለትም የየንዑስ ተፋሰሱ አማካይ፣ ይሠራል፤ ውጤቱ ወደ ኤክሴል ይገለበጣል። ስድስት እርምጃ ለአንድ ወር። ለ480 ወር 2,880 እርምጃ ማለት ነው፣ ያውም እያንዳንዱ እርምጃ ስንት ክሊክ እንዳለው ሳይቆጠር። አድካሚነቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሰው ታግሶ ይጨርሰው ነበር። የሚያሳስበው ስህተቱ የማይታይ መሆኑ ነው። የመጋቢት ቁጥር በሚያዝያ ዓምድ ላይ ቢለጠፍ ማን ያውቃል? ሁለቱም ዝናብ ናቸው፣ ሁለቱም አሳማኝ ይመስላሉ።

ኪውጂአይኤስ ውስጥ ብዙ ፋይልን በአንዴ የሚያስኬድ የባች መስኮት እንዳለ አውቃለሁ፤ ለአንድ እርምጃ ብቻ ከሆነ እኔም እሱን እመርጣለሁ። እዚህ ግን ስድስት እርምጃ ተከታትለው ይመጣሉ፣ በየመሃሉ 480 አዲስ ፋይል ይወለዳል፣ ስማቸውን መያዝ ራሱ ሌላ ሥራ ይሆናል።

ስለዚህ ከቡድኑ አንዱ ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ወሰደና ስድስቱንም እርምጃዎች እንዳሉ ሉፕ ውስጥ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ፋይል ያንኑ ሥራ በሚደጋግም ኮድ ውስጥ፣ ከተታቸው። ይሠራ ነበር! ይህን ማሳነስ አልፈልግም። ክሊክ ማድረግ ቆመ፣ የመለጠፍ ስህተት ቆመ። ግን ዲስኩ በጊዜያዊ ፋይሎች ይሞላል፣ ኮምፒውተሩ ሚሞሪ አለቀብኝ ብሎ መንገድ ላይ ይቆማል፣ ሲቆም ደግሞ እንደገና ከ1981 ጥር መጀመር ነው። እኔ ወደ ሥራው የገባሁት እዚህ ላይ ነው።

የሚለወጠውና የማይለወጠው

ኮዱን ከመንካታችን በፊት ወረቀት አወጣንና መሃሉ ላይ መስመር አሰመርን። በአንድ በኩል ወር ሲቀየር የሚቀየር ነገር፣ በሌላ በኩል ወር ቢቀየርም ባለበት የሚቆይ ነገር። እኔ ስለ ሉፕ የምለው ዋናው ነገር ይኸው ነው፦ ሉፕ የሚጻፈው መጀመሪያ ከሉፑ ውጭ የሚቀረው ከታወቀ በኋላ ነው። ሉፕ የሚጀምርበት የፓይተን ቃል፣ የ"ፎር" አጻጻፍ፣ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። የመስመሩን ቦታ ማግኘት ግን ማሰብ ይጠይቃል፣ ሥራውም ፈጣንና ትክክል የሚሆነው እዚያ ነው።

ድንበሩ አይለወጥም። የ34ቱ ንዑስ ተፋሰሶች ሼፕፋይል (ድንበራቸውን የያዘው የካርታ ፋይል) በየወሩ እንደ አዲስ ይነበብ ነበር፤ 480 ጊዜ ያው ፋይል። የካርታ ፋይል በሚያነበው የፓይተን መሣሪያ፣ በጂኦፓንዳስ፣ አንዴ ተነበበ፣ አለቀ።

ፕሮጀክሽኑስ? እዚህ ላይ ጥሩ ክርክር ተደረገ። ስፋት የሚለካው በሜትር ነው፣ ዳታው ግን በዲግሪ ነው፣ ስለዚህ ራስተሩ መቀየር አለበት የሚል ሐሳብ ነበር። አሳቡ ትክክል ነው፣ የሚቀየረው ነገር ግን ሌላ ነው። ራስተርን ከአንድ ፕሮጀክሽን ወደ ሌላ ስትቀይረው ሴሎቹ እንደ አዲስ ይሰደራሉ፣ የአዲሶቹ ሴሎች ዋጋ ከአሮጌዎቹ በግምት ይወሰዳል። ማለትም የዝናቡ ቁጥር ራሱ ይነካል፣ 480 ጊዜ። ድንበሩን የሚሠራው ፖሊጎን ግን ነጥቦች ናቸው፤ ድንበሩን ወደ ራስተሩ የዲግሪ ሥርዓት ማምጣት አንድ መስመር ኮድ ነው፣ ዝናቡንም አይነካም። ስለዚህ ራስተሩ ባለበት ቀረ፣ ድንበሩ ወደ እሱ ሄደ።

የስፋት ጥያቄው ግን በዚህ አልተዘጋም። የቺርፕስ ሴል ጎኑ 0.05 ዲግሪ ነው፤ በምድር ወገብ አካባቢ 5.5 ኪሎ ሜትር ገደማ። ወደ ዋልታዎቹ በተጠጋህ ቁጥር የሴሉ የምሥራቅ ምዕራብ ጎን ይጠባል፣ በኬክሮሱ ኮሳይን ልክ። በ5 ዲግሪና በ10 ዲግሪ መካከል ልዩነቱ ወደ 1 በመቶ ብቻ ነው። በ40 እና በ45 መካከል ግን 8 በመቶ ገደማ ይደርሳል። አማካይ ስትሠራ ሁሉንም ሴል እኩል ከቆጠርክ ይህን ልዩነት ዋጥ አድርገህ አለፍክ ማለት ነው። ለየሴሉ ክብደት መስጠት ያስፈልጋል።

ክብደቱ ደግሞ፣ እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚያምረው፣ ወር ቢቀየርም አይቀየርም።

ለምን? ሁሉም የቺርፕስ ወርሃዊ ፋይል አንድ ዓይነት ፍርግርግ አለው። 7,200 ዓምድ፣ 2,000 ረድፍ፣ ከሰሜን 50 ዲግሪ እስከ ደቡብ 50 ዲግሪ። የ1981 ጥር ሴልና የ2020 ታኅሣሥ ሴል ምድር ላይ ያው ቦታ ናቸው። ስለዚህ "ይህ ሴል ለዚህ ንዑስ ተፋሰስ ስንት እጅ ያዋጣል?" ለሚለው ጥያቄ መልሱ አንድ ጊዜ ተሰልቶ ይቀመጣል። ተፋሰሱ የተቀመጠበት አራት ማዕዘን 4 ዲግሪ በ3 ዲግሪ ነው፤ ያ 80 በ60 ሴል፣ በድምሩ 4,800 ሴል ነው። በ34 ረድፍና በ4,800 ዓምድ የተሠራ የክብደት ሠንጠረዥ ማለት ነው። ለአንድ ዘመናዊ ኮምፒውተር ምንም አይደለም።

ይህ ሠንጠረዥ ሌላም ጣጣ ፈታልን። ከ34ቱ ውስጥ በጣም ትናንሾች አሉ፣ ስፋታቸው ከአንድ ሴል፣ ማለትም ከ30 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የሚያንስ። የተለመደው ዞናል ስታቲስቲክስ አንድን ሴል የሚቆጥረው የሴሉ መሃል ነጥብ ፖሊጎኑ ውስጥ ሲወድቅ ነው። ትንሽ ፖሊጎን በአራት መሃል ነጥቦች መካከል ሾልኮ ይቀራል፣ ውጤቱም ባዶ ይሆናል። "የነካውን ሴል ሁሉ ቁጠር" የሚል አማራጭ አለ፤ ያ ደግሞ ጫፉን ብቻ የነካውን ሴል ሙሉ ድምፅ ይሰጠዋል። እኛ እያንዳንዱን ሴል ከእያንዳንዱ ፖሊጎን ጋር አቆራርጠን የተጋራውን ስፋት በእኩል ስፋት ፕሮጀክሽን ለካን። በየወሩ ቢሠራ ከባድ ስሌት ነው፣ ማንም አይሞክረውም። አንዴ ሲሠራ ግን ለምን አይሠራም? ከሉፕ ውጭ ያለ ነገር ቢዘገይም ግድ የለም፤ ትክክለኛውን መንገድ ለመምረጥ አቅም የሚሰጥህ ይኸው ነው።

ሉፑ ውስጥ የቀረው

ወረቀቱ ላይ ሲታይ በየወሩ የሚለወጠው የሴሎቹ ዋጋና የወሩ ስም ብቻ ሆኖ ተገኘ። የታመቁትን ፋይሎች መፍታት ለብቻው ትንሽ ሉፕ ሆነና አንዴ ተሠርቶ ተረሳ። ዋናው ሉፕ በአማርኛ ሲነገር እንዲህ ይሆናል፦

ለእያንዳንዱ ፋይል፦
ዓመቱንና ወሩን ከፋይሉ ስም አውጣ
ውጤቱ ቀድሞ ካለ ዝለለው
ፋይሉን ክፈት፣ ፍርግርጉ ያው መሆኑን አረጋግጥ
የተፋሰሱን መስኮት ብቻ አንብብ
ባዶ ሴሎችን አስወጣ
በክብደቱ አባዛ፣ አማካዩን አስቀምጥ
ስህተት ካለ ስሙንና ምክንያቱን መዝግበህ ቀጥል

አጭር ነች። ግን እያንዳንዷ መስመር የራሷ ታሪክ አላት፣ አንዳንዶቹ ላይ ቆም ማለት ይገባል።

ዓመትና ወር ከስም ይወጣል ያልኩት በቆጣሪ ይሠራ ስለነበር ነው። ማለትም የመጀመሪያው ፋይል ጥር 1981፣ ቀጣዩ የካቲት፣ እያለ በተራ ቁጥር ይቀጥላል። ከ480ው አንድ ፋይል ቢጎድልስ? ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በአንድ ወር ይንሸራተታል፣ ኮዱ ደግሞ ምንም አይልም፣ ቀጥ ብሎ ይጨርሳል። የክረምቱ ዝናብ ቀስ ብሎ ወደ ሌላ ወር ይሄዳል። ይህ በጣም አደገኛ ነው፣ ምክንያቱም ሠንጠረዡ ጤናማ ይመስላል። የቺርፕስ ፋይል ስሙ ውስጥ ዓመትና ወር በግልጽ ተጽፏል፣ ወሩም ሁልጊዜ በሁለት አሃዝ፣ 01፣ 02 እያለ። ያን አንብብ፣ ሌላ ምንም አትመን። የፎልደር ፋይሎችን የሚዘረዝረው የፓይተን "ግሎብ" በፊደል ተራ አመጣልሃለሁ ብሎ ቃል እንደማይገባም አስታውስ፤ ተራ ከፈለግህ ራስህ "ሶርትድ" በለው። የራስህን ውጤት ስትሰይምም ወሩን በሁለት አሃዝ ጻፍ። አለዚያ 10፣ 11 እና 12 ከ2 ቀድመው ይሰለፋሉ።

መስኮት ብቻ ማንበብ ደግሞ የሚሞሪውን ጉዳይ ፈታው። ሙሉው ራስተር 14.4 ሚሊዮን ሴል ነው። በ32 ቢት ቁጥር ሲያዝ 57.6 ሜጋባይት ይሆናል። አንዱ ቀላል ነው። የመጀመሪያው ስክሪፕት ግን ሁሉንም ከፍቶ በዝርዝር ውስጥ ይይዛቸው ነበር፣ በ480 ሲባዛ ከ27 ጊጋባይት በላይ። ማሽኑ ምን ያድርግ! ራስተር የሚያነበው የፓይተን መሣሪያ ራስተርአይኦ መስኮት ተነግሮት የዚያን አካባቢ ሴሎች ብቻ ማምጣት ይችላል። ከ14.4 ሚሊዮን ይልቅ 4,800፣ ሦስት ሺህ ጊዜ ያነሰ። ፋይሉ በ"ዊዝ" ይከፈታል፣ ሥራው ሲያልቅ ራሱ ይዘጋል፣ ቀጣዩ ወር በንጹህ ቦታ ይጀምራል። ከራስተርአይኦ ሥር ሆኖ ይህን ሁሉ የሚሠራው ጂዳል ነው፣ ፍራንክ ዋርመርዳም እ.ኤ.አ. በ1998 የጀመረው የኮድ ቤተ መጻሕፍት። የጂአይኤስ (የካርታ መረጃ ሥርዓት) ሰው ሁሉ፣ ቢያውቀውም ባያውቀውም፣ በእሱ ላይ ቆሞ ነው የሚሠራው።

ከሁሉ በላይ ግን ባዶ ሴሎቹ ላይ ልቆይ። ቺርፕስ የመሬት ዳታ ነው፤ ባሕር ላይ ዝናብ የለውም፣ በምትኩ -9999 የሚል ቁጥር ይቀመጣል። የእኛ ተፋሰስ ታችኛው ጫፍ ባሕር ይነካል። ያወረድናቸውን ፋይሎች ሶፍትዌሩ ሲከፍታቸው ይህን ቁጥር "ዳታ የለም" ብሎ አልተረዳውም፤ እንደ ማንኛውም ቁጥር ይደምረዋል። አሁን አስላው። 500 ሴል ያለው ንዑስ ተፋሰስ አለ እንበል፣ 499ኙ 100 ሚሊ ሜትር አግኝተዋል፣ አንዱ ብቻ -9999 ነው። አማካዩ ስንት ይመጣል? 79.8። አሉታዊ ቢሆን ሁሉም ሰው ይደነግጥ ነበር። 79.8 ግን ማንንም አያስደነግጥም። ሞዴሉ ይቀበለዋል፣ ወንዙ ከእውነታው ያነሰ ውሃ ያለው ይመስላል፣ ሰው ደግሞ ሞዴሉን ያስተካክላል ብሎ ሌላ ሌላውን ቁጥር ይነካካል። አንድ ሴል ያመጣችው መዘዝ! ስለዚህ ሉፑ ከዜሮ በታች ያለውን ሁሉ ያስወጣል፣ ያስወጣቸውን ሴሎች ክብደትም ከድምሩ ይቀንሳል፣ የቀሩት ክብደቶች እንደገና 1 እንዲሞሉ። ሁለተኛዋ ግማሽ ብዙ ጊዜ ትረሳለች። ሴሉን አስወጥተህ ክብደቱን ከተውከው አማካዩ አሁንም ዝቅ ይላል።

ስህተትን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ። ፋይል ይበላሻል፣ በተለይ ኔትወርክ ተቆርጦ በግማሽ የወረደ። ስህተት ሲመጣ ኮዱ ምን እንደሚያደርግ የሚናገሩት የፓይተን ቃላት "ትራይ" እና "ኤክሰፕት" የተሠሩት ለዚህ ነው። ግን "ኤክሰፕት" ሥር "ፓስ" ብሎ ማለፍ ችግሩን መቅበር ነው። ኮዱ የፋይሉን ስምና የስህተቱን መልእክት ወደ መዝገብ ይጽፋል፣ ከዚያ ይቀጥላል። ሩጫው ሲያበቃ መዝገቡ ይከፈታል፤ የተበላሹት ብቻ እንደገና ይወርዳሉ፣ ስክሪፕቱ ደግሞ ይሮጣል፣ ያለቁትን እየዘለለ።

ውጤቱን እንዴት አመንነው

መጀመሪያ በአንድ ወር። ሉፑን ገና ሳንጽፈው የውስጡን ሥራ በአንድ ፋንክሽን አስቀመጥነው፣ አንድ ፋይል ሰጠነው፣ መልሱን በእጅ ከተሠራው ጋር አስተያየነው። መሃል ላይ ያሉት ትላልቅ ንዑስ ተፋሰሶች በጣም ተቀራረቡ። ትናንሾቹና ባሕር ዳር ያሉት ተለያዩ፣ እኛም የጠበቅነው ይህንኑ ነበር፤ ለምን እንደሚለያዩ ከላይ ተነግሯል። ከዚያ ሆን ብለን የተመረጡ ጥቂት ወራት፦ ደረቅ ወር፣ ከባድ ዝናብ ያለበት ወር፣ የመጀመሪያውና የመጨረሻው። ከዚያ ሁሉም። ቀጥታ ወደ 480 መሮጥ ያጓጓል፣ አውቃለሁ። ግን ስህተትን በአንድ ፋይል ላይ መፈለግና በ480 ላይ መፈለግ አንድ አይደለም።

ሁለተኛው ማረጋገጫ ቆጠራ ነው። ሊኖሩ የሚገባቸው ወራት ዝርዝር ከዓመትና ከወር ተሠራ፣ ከተገኙት ጋር ተነጻጸረ። እዚህ ላይ ተከታታይ ቁጥሮችን የሚያወጣው የፓይተን "ሬንጅ" የመጨረሻውን ቁጥር እንደማይጨምር ልብ በል። ከ1981 እስከ 2020 ካልከው 2020ን ይተወዋል፣ 468 ወር ብቻ ታገኛለህ። 2021 ማለት አለብህ። ዝርዝሩ 480 ሲሞላ፣ ሠንጠረዡም 480 በ34፣ 16,320 ረድፍ ሲሆን ብቻ ሥራው ተቀባይነት አገኘ።

ረድፍ ነው ያልኩት፣ ዓምድ አይደለም። መጀመሪያ የታሰበው በሼፕፋይሉ ላይ ለየወሩ አንድ ዓምድ መጨመር ነበር፣ በካርታ ለማየት እንዲመች። የሼፕፋይል ሠንጠረዥ ግን ከ255 ዓምድ በላይ አይዝም፣ የዓምድ ስሙም ከ10 ፊደል አያልፍም። ስለዚህ ረጅም ሠንጠረዥ ተመረጠ፦ የንዑስ ተፋሰስ ቁጥር፣ ዓመት፣ ወር፣ ዝናብ። ለሞዴሉም፣ ለግራፍም፣ ለማጣራትም ይህ ይሻላል። በካርታ ማየት የፈለገ በንዑስ ተፋሰስ ቁጥሩ ያገናኘዋል። የየወሩን ትናንሽ ፋይሎች ስታዋህድም አንድ በአንድ በፓንዳስ (የፓይተን የሠንጠረዥ መሣሪያ) ሠንጠረዥ ላይ አትለጥፍ፤ በየዙሩ ሠንጠረዡ ሙሉ በሙሉ ይገለበጣል። የፓንዳስ ሠሪዎች ራሳቸው ያንን መንገድ በቅጂ 2.0 አስወግደውታል። በተራ ዝርዝር አከማችና መጨረሻ ላይ አንዴ አዋህድ።

ሥራውን በብዙ ፕሮሰሰር የማከፋፈል ሐሳብም ተነስቶ ነበር። አላስፈለገም። ከሉፑ መውጣት ያለበት ሁሉ ከወጣ በኋላ የቀረው በጣም ቀላል ነው፤ ቡና ሳይፈላ ያልቃል።

ከዚያ በኋላ ቡድኑ የንዑስ ተፋሰሶቹን ድንበር አሻሻለው። ሁለቱ ተዋሐዱ፣ አንዱ ለሦስት ተከፈለ፣ 35 ሆኑ። በእጅ ቢሆን ኖሮ ይህ ዜና ሰው ያስለቅስ ነበር። አሁን የሚቀየረው የድንበሩ ፋይል አድራሻ ብቻ ነው፣ ክብደቱ እንደገና ይሰላል፣ ሉፑ ይሮጣል። ከመሮጡ በፊት ግን አንዷ ባልደረባችን "ቆይ፣ የድሮዎቹ ውጤቶች እኮ ፎልደሩ ውስጥ ናቸው" አለች። እውነቷን ነው። "ውጤቱ ቀድሞ ካለ ዝለለው" የሚለው መስመር በአሮጌው ድንበር የተሠሩትን 480 ፋይሎች አይቶ ሁሉንም ይዘላቸው ነበር። በሰከንዶች ውስጥ ጨርሻለሁ ይላል፣ የሚሰጠው ግን የድሮውን መልስ ነው። ስለዚህ የውጤቱ ፎልደር ስም ከድንበሩ ቅጂ ጋር ተሳሰረ፤ አዲስ ድንበር ሲመጣ አዲስ ፎልደር ይከፈታል፣ ምንም የሚዘለል ነገር አያገኝም። የድሮውም አይጠፋም፣ ሁለቱን ማነጻጸር ለሚፈልግ። የመጨረሻው ሠንጠረዥ 16,800 ረድፍ ሆኖ ወደ ሞዴሉ ገባ።